ከኩንታል ጨው የጎደለችው 3 ግራም

«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ተብለህ ትጣላለህ» ይላሉ አበው። የዛሬው የጨው ገበያችን ግን ይህን አባባል ፉርሽ ሳያደርገው አልቀረም። ጨው እየጣፈጠ፣ እየነጣ፣ ኩንታሉም ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ ድንጋይ ሊሆን ይችላል። በውስጡ ሊኖር የሚገባው ነገር ከሌለ ማለታችን ነው። ችግሩ ምላስ ይህን ስለማያውቅ የሚጥለው ሰው አለመኖሩ ነው። ከመጋዘን ወደ መደብር፣ ከመደብር ወደ ጓዳ እየተቀባበልን እንሸኘዋለን።

በቅርቡ መርካቶ ውስጥ አንድ የጨው ጅምላ ነጋዴ ዘንድ ተቀምጬ ሳወጋ ከክፍለ ሀገር የመጣ ቸርቻሪ ገባ። ከተከፈተው ጆንያ አንድ እፍኝ ዘግኖ በመዳፉ አሻሸ፤ ወደ በሩ ወጣ ብሎ ንጣቱን በብርሃን አየ፤ ቀመሰም።

«ጋሼ፣ እርጥበት የለውም አይደል? መንገድ ላይ ውኃ እንዳይሆንብኝ።»

«ደረቅ ነው የኔ ልጅ። ራስህ አይተኸዋል።»

«ሚዛኑስ?»

«ካልሞላ መልሰህ አምጣው።»

ጥቂት በዋጋ ተከራከሩ፤ ተስማሙ፤ ወዛደር ተጠራና ጭነቱ ተጀመረ። ቸርቻሪው ከሄደ በኋላ «ስለ አዮዲኑ የሚጠይቅ የለም እንዴ?» አልኳቸው። ነጋዴው ፈገግ አሉ። «ጆንያው ላይ ተጽፏል። እኛም የተጻፈውን አምነን እንሸጣለን። ይህን ሁሉ ዘመን ስነግድ አዮዲን ብሎ የጠየቀኝ ገዢ በጣት የሚቆጠር ነው» አሉኝ።

ይህ ጽሑፍ የተነሣው ከዚህች መልስ ነው። በጨው ገበያ ንጣት ዋጋ አለው፤ ድርቀት ዋጋ አለው፤ ሚዛን ዋጋ አለው። አዮዲን ግን ዋጋ የለውም። ዋጋ ያልወጣለት ነገር ደግሞ ውሎ አድሮ ከገበያ እንደሚጠፋ ለዚህ ገጽ አንባቢ ማስረዳት ለቀባሪው እንደማርዳት ነው። የጸሐፊው አቋም አንድ ነው፤ አዮዲን እንደ ሚዛኑና እንደ ንጣቱ ሁሉ በግብይቱ ውስጥ ይጠየቅ፣ ይለካ፣ ዋጋም ይውጣለት።

በኩንታልና በማይክሮግራም

በትምህርት ቤት ምግብን በሦስት ከፍለን ተምረናል፤ ኃይል ሰጪ፣ ገንቢና በሽታ ተከላካይ። ክፍፍሉ ለጀማሪ አይከፋም። ለነጋዴ ግን በመጠን ብንከፍለው ይበልጥ ይገባል። ሰውነታችን በብዛት የሚፈልጋቸው አሉ። ከእህል የሚገኘው ካርቦሃይድሬት በቀን በመቶዎች በሚቆጠር ግራም፣ ፕሮቲንና ቅባትም በአሥሮች በሚቆጠር ግራም ይፈለጋሉ። እነዚህ ሲጎድሉ ራብ ነውና ሁሉም ያውቃቸዋል። እህል በረንዳም የሚነግደው እነሱን ነው።

ሁለተኛዎቹ ቫይታሚኖችና ማዕድናት ናቸው። የሚለኩት በሚሊግራም፣ አንዳንዶቹም በማይክሮግራም ነው። ማይክሮግራም ማለት አንድ ግራም ለሚሊዮን ቢከፈል የሚደርሰው ድርሻ ነው። እነዚህ ሲጎድሉ ሆድ አይጮኽም። ሰው ጠግቦ እያደረ ከውስጥ ይጎዳል። የሥነ ምግብ ባለሙያዎች «ድብቅ ረሃብ» የሚሉትም ይህንኑ ነው።

ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ «የግድ አስፈላጊ» ይባላሉ። ትርጉሙ በነጋዴ ቋንቋ ቀላል ነው፤ አገር ውስጥ የማይመረት፣ ሳያቋርጥ ከውጭ መግባት ያለበት ዕቃ ማለት ነው። ሰውነት ራሱ ሊሠራው አይችልም፤ ወይም የሚሠራው አይበቃውም። ለምሳሌ ፕሮቲን ከሚገነባባቸው አሚኖ አሲዶች ዘጠኙ እንዲህ ያሉ ናቸው። እህል በጠቅላላው ከእነዚህ አንዱ የሆነው ላይሲን ያንሰዋል፤ አተር፣ ባቄላና ሽምብራ ደግሞ ላይሲን አላቸው። እናቶቻችን እንጀራን በሽሮ ሲያቀርቡ አንዱ የሌላውን ጉድለት እንዲሸፍን አድርገዋል ማለት ነው። ማንም ሳያስተምራቸው!

ለአዮዲን ግን ይህ የማቻቻል ዘዴ አይሠራም። ምክንያቱን እንይ።

ከአፈሩ ከሌለ ከማዕዱም የለም

አንገታችን ላይ ታይሮይድ የምትባል ትንሽ ዕጢ አለች። የሰውነትን የሥራ ፍጥነት የሚቆጣጠሩትን ሆርሞኖች የምትሠራው ከአዮዲን ነው። ጥሬ ዕቃው ሲያጥራት ያለችውን ለመሰብሰብ ስትታገል ታብጣለች። እንቅርት የምንለው ይህ ነው። ብዙ ሰው የአዮዲን እጥረት ማለት እንቅርት ብቻ ይመስለዋል። እንቅርት ግን የሚታየው ምልክት ነው። ትልቁ ጉዳት የማይታየው ነው። በእርግዝና ጊዜና በመጀመሪያዎቹ የሕፃንነት ዓመታት አእምሮ የሚገነባው በእነዚሁ ሆርሞኖች እየታገዘ ነው። እናቲቱ አዮዲን በብርቱ ካጠራት ልጁ መስማትና መናገር የተሳነው፣ የአእምሮ ዕድገቱም የተገታ ሆኖ ሊወለድ ይችላል። እጥረቱ ቀለል ሲልም ትምህርት የሚከብደው ልጅ ያደርጋል። እንዲህ ያለውን ልጅ «ሰነፍ» ብለን እንቆጣዋለን እንጂ የጎደለው ምን እንደሆነ አንጠይቅም። ከዕድሜው ካለፈ በኋላ ደግሞ ጉዳቱ በገንዘብም በሐኪምም አይመለስም።

ታዲያ ለምን ከምግባችን አናገኘውም? አዮዲን በብዛት ያለው በባሕር ውስጥ ነው። የባሕር ዓሣ የሚበላ ሕዝብ ያገኘዋል። የደጋ አፈር ግን በዘመናት ዝናብና ጎርፍ ታጥቦ አዮዲኑ ተወስዷል። ከአፈሩ የሌለው ከጤፉም፣ ከጎመኑም፣ ሣሩን ከጋጠችው ላም ወተትም ውስጥ የለም። ስለዚህ ሀብታሙም ድሃውም እኩል ይጎዳሉ። ክትፎና ወተት ያልጎደለበት ቤት አዮዲን ሊጎድልበት ይችላል። ሌላውን ንጥረ ነገር ማዕድን በማሻሻል ልናገኘው እንችል ይሆናል። ይኼኛውን ግን ወደ ደጋው ቤት በርካሽ ሊያደርሰው የሚችለው ገበያው ነው፤ መንገዱም ጨው ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ እምነት ማረም ይገባል። «ጨው ከባሕር ወይም ከጨው ሐይቅ ስለሚወጣ አዮዲን በተፈጥሮው አለበት» የሚሉ አሉ። ጨው ሲደርቅ በተፈጥሮው የሚይዘው አዮዲን ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ሰው ካልጨመረበት በስተቀር የለም።

ሒሳቡ እነሆ

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን 150 ማይክሮግራም፣ ለነፍሰ ጡር 250 ማይክሮግራም አዮዲን ያስፈልጋል ይላል። አዋቂው የሚበቃውን በ70 ዓመት ብናባዛው 4 ግራም አይሞላም። የአንድ ሰው የዕድሜ ልክ ቀለብ ከአንድ የሻይ ማንኪያ አያልፍም ማለት ነው። ይሁን እንጂ ሰውነት ለከርሞ አያከማቸውም። በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ መግባት አለበት። ለዚህም ነው በየቀኑ ከሚበላው ጨው ጋር እንዲሄድ የተመረጠው።

አሁን ወደ ኩንታሉ እንምጣ። ጨው ከቤት ሲደርስ በኪሎ ቢያንስ 15 ሚሊግራም አዮዲን ሊኖረው እንደሚገባ ዓለም አቀፍ ስምምነት አለ። በመጋዘንና በመንገድ የሚባክነውን ለማካካስ ሲመረት ከፍ ተደርጎ ይጨመራል። በኪሎ 30 ሚሊግራም ብንይዝ ለአንድ ኩንታል 3 ግራም አዮዲን ይሆናል። አዮዲኑ የሚጨመረው ፖታሲየም አዮዴት በሚባል ውህድ ስለሆነ፣ ከዚህም ውህድ 59 በመቶው አዮዲን ስለሆነ፣ ለኩንታሉ 5 ግራም ገደማ ይበቃዋል። ተሳቢ ያለው መኪና 400 ኩንታል ቢጭን ለሙሉ ጭነቱ የሚያስፈልገው ውህድ 2 ኪሎ ብቻ ነው።

እንግዲህ 40 ሺህ ኪሎ ጨው ጭኖ ከአፋር በረሃ እስከ አዲስ አበባ የሚወጣውን የነዳጅ፣ የጫኝና አውራጅ፣ የኬላ ወጪ የሚያውቅ ሰው ይፍረድ። ከዚህ ሁሉ ወጪ መካከል 2 ኪሎዋ ዱቄት ምን ያህል ትሆናለች? ወጪው ለአንድ ሰው ሲታሰብ በዓመት ጥቂት የአሜሪካ ሳንቲሞች እንደሆነ ሲነገር ኖሯል። በዚህ ዋጋ የአንድን ልጅ አእምሮ የሚጠብቅ ሌላ ሸቀጥ ካለ ጸሐፊው ቢነገረው ደስ ይለዋል።

ከአሞሌ እስከ አፍዴራ

ጨውና ገበያ በአገራችን የተለያዩበት ጊዜ የለም። ከዳሎል እየተቆረጠ በግመል የሚወጣው አሞሌ ለዘመናት፣ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር። ያን ጊዜ አሞሌ የተቀበለ ሰው ጠርዙ አለመሰበሩን፣ ውኃ አለመምታቱን ሳይፈትሽ አይቀበልም። ገንዘብ ነውና!

በኋለኛው ዘመን ከተሜው የሚበላው ጨው በአብዛኛው ከቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ከአሰብና ከምፅዋ ይመጣ ነበር። አዮዲን የመጨመሩ ሥራም የተጀመረው እዚያው ነው። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ ግን ያ መንገድ ተዘጋ። ገበያው ባዶ አልሆነም፤ የአፋሩ አፍዴራ ተተካ። ነጋዴው፣ ሾፌሩና የአካባቢው አምራች በዚያ ሐሩር ሠርተው አገሪቱን ከጨው ረሃብ አድነዋል። ለዚህ ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን ጨው ሲመጣ አዮዲኑ አብሮ አልመጣም። ምላስም ልዩነቱን አላወቀ፤ ገበያውም አልጮኸ።

ውጤቱን አኀዝ ይናገር። እ.ኤ.አ. በ2005 በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ከ6 እስከ 12 ዓመት ከሆናቸው ሕፃናት ከ100 ወደ 40 የሚጠጉት እንቅርት ተገኝቶባቸዋል። በአገሪቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት አዮዲን ያለው ጨው የሚጠቀሙ ቤተሰቦች እ.ኤ.አ. በ2011 ከ100 ወደ 15 ብቻ ነበሩ። ከዚያ በ2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድደውን ደንብ ቁጥር 204 አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2016 ጥናቱ ሲደገም ቁጥሩ 89 ደረሰ።

በአምስት ዓመት ከ15 ወደ 89! ይህ ቀላል ድል አይደለም። ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ጸሐፊውም ብዕሩን ባላነሣ ነበር። ሆኖም 89 የተባለው «አዮዲን የነካው» ጨው ነው። የሚበቃውን ያህል የያዘው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ምክንያቱም የጨው ክምር ላይ ውህዱን ረጭቶ በሚገባ ሳያዋህዱ መሙላት የላዩን ጆንያ አብዝቶ የታቹን ባዶ ያደርገዋል። እርጥብ ጨው፣ የሚያስተነፍስ ጆንያና በር ላይ የሚያገኘው ፀሐይ ደግሞ የቀረችውን ይወስዳሉ። ሕጉ አዮዲንን እስከ ጆንያው አድርሶታል። እስከ ወጡ የሚያደርሰው ግን የነጋዴው ጥንቃቄ ነው።

የማይታይ ዕቃ ገበያ

ለመሆኑ ነጋዴው ለምን ግድ አላለውም? ክፉ ስለሆነ አይደለም። ገዢ ሊያየው የማይችለው ጥራት ባለበት ገበያ ሁሉ የሚደርሰው ይኸው ነው። አንዱ አምራች ጨዉን አድርቆ፣ ለክቶ፣ አዋህዶ፣ በጥሩ ከረጢት ያሽጋል። ሌላው ለይስሙላ ረጭ አድርጎ ጆንያውን ይሞላል። ሁለቱም ላይ «አዮዲን ያለው» ተብሎ ተጽፏል። ሁለቱም ነጭ ናቸው። ገዢው ርካሹን ይወስዳል። ታማኙ በየዓመቱ ገበያ ሲያጣ ወይ ይዘጋል፣ ወይ እንደ ባልንጀራው ይሆናል። ውሸታሙ ያሸነፈው በብልጠት ሳይሆን እኛ ባለመጠየቃችን ነው።

«ቁጥጥሩ የመንግሥት ሥራ ነው» የሚል መልስ ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፣ ነው። ነገር ግን ተቆጣጣሪው ከስንት መኪና አንዱን ይፈትሽ ይሆናል። ደላላው ግን ሁሉንም ያያል። ቅቤና ማር በዓይኑና በአፍንጫው የሚለይ ደላላ ባለበት አገር የጨው ደላላ ይህን ያቅተዋል አይባልም። መሣሪያውም አስቸጋሪ አይደለም። በጨው ላይ ጠብ ሲደረግ አዮዲን ካለ ወደ ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ የሚለውጥ የመሞከሪያ ፈሳሽ አለ። በኪስ ይያዛል፤ ውጤቱም ወዲያው ይታያል። ይህ መኖር አለመኖሩን እንጂ መጠኑን በትክክል አይነግርም። ለመጠኑ የላቦራቶሪ ምርመራ ያስፈልጋል። ቢሆንም ጭራሽ ባዶ የሆነውን ለመያዝ ይበቃል።

«ሸማቹ የሚጠይቀው ዋጋ ብቻ ነው» የሚለውም አያስኬድም። በ1922 እ.ኤ.አ. ስዊዘርላንድ ውስጥ አዮዲን ያለው ጨው በአፔንዜል መሸጥ ሲጀመር ያች አገር እንደኛው ተራራማ፣ እንደኛው ባሕር አልባ፣ እንቅርት የበዛባት ነበረች። በ1924 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአሜሪካ የሚሺጋን ክፍለ ግዛት ጨው አምራቾች ከሐኪሞች ጋር መክረው፣ የሚያስገድድ ሕግ ሳይኖር፣ አዮዲን ያለውን ጨው በየግሮሰሪው አቀረቡ። በዚያው ዓመት ሞርተን የተባለው ትልቁ የጨው ኩባንያ በመላ አገሪቱ መሸጥ ጀመረ። ጤናን ለሽያጭ ማስታወቂያ አደረጉት፤ አተረፉበትም። እኛ ይህን የማናደርግበት ምክንያት አይታየንም።

«ጨው ቀንሱ እየተባለ አይደለም ወይ?» ለሚሉም መልስ አለ። አዎን፣ የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም በታች ይመክራል፤ የደም ግፊትን በመፍራት። 15 ሚሊግራም አዮዲን በያዘ ኪሎ ጨው 10 ግራም የሚበላ ሰው 150 ማይክሮግራሙን ያገኛል። 5 ግራም ብቻ የሚበላው ግን ግማሹን ነው የሚያገኘው። ስለዚህ ከተሜው ጨው በቀነሰ ቁጥር በጨው ውስጥ ያለው አዮዲን በትክክል መለካቱ ይበልጥ ያስፈልጋል። ያለ ልክ መብዛቱም ዕጢዋን ይጎዳልና «በዛም አነሰም» ብሎ መርጨት አያዋጣም።

ስለዚህ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ጅምላ ነጋዴው ከአምራቹ ጋር ሲዋዋል የአዮዲኑ መጠን እንደ ክብደቱ በውሉ ይግባ። የምርመራ ወረቀት ከጭነቱ ጋር ይምጣ፤ ካነሰም ዋጋው ይቀነስ ወይም ጭነቱ ይመለስ።

ሁለተኛ፣ ደላላው የመሞከሪያ ጠርሙሱን በኪሱ ይያዝ። «ይህ የተሞከረ ነው» ብሎ ማለት ሲችል ኮሚሽኑም ይከበርለታል።

ሦስተኛ፣ ቸርቻሪው ጆንያውን በፀሐይና በዝናብ በር ላይ አይዘርጋ። ጥላና ደረቅ ቦታ ይኑረው፤ አሮጌውን ሳይጨርስ አዲሱን አይክፈት። ከተቻለ የታሸገውን ኪሎ ይሽጥ።

አራተኛ፣ ገንዘብ ይዞ ምን ልሥራ ለሚለው ባለሀብት፣ ጨው አጥቦ፣ አድርቆ፣ በማሽን አዋህዶ፣ እርጥበት በማያስገባ ከረጢት ማሸግ ክፍት ሜዳ ነው። ጨው ፋሽኑ የማያልፍበት ሸቀጥ መሆኑን ልብ ይሏል። ስሙን በታማኝነት የሠራ ማሸጊያ ዕድሜ ልኩን ይበላበታል።

አምስተኛ፣ ከገበያ ተመልሰን ወደ ቤታችን ስንገባ ጨዉን በክዳን እንያዝ፤ ወጡ ሊወጣ ሲል እንጨምረው። በጓዳ ውስጥ የምናባክነውን ነጋዴው ሊተካልን አይችልም።

ነገሩ በጨው ብቻ የሚቆም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የምግብ ዘይትና የስንዴ ዱቄት በቫይታሚንና በማዕድን እንዲበለጽጉ የሚያስገድድ ደረጃ ጸድቋል። ዘይቱም ዱቄቱም እንደ ጨው ናቸው፤ የተጨመረባቸው አይታይም፣ አይቀመስም። በጨው ላይ መጠየቅን ያልለመደ ገበያ በዘይትም በዱቄትም የማሸጊያ ጽሑፍ ይሸጥለታል።

ወደዚያ መርካቶ መደብር ልመለስ። ቸርቻሪው ጨዉን በዓይኑ፣ በመዳፉና በምላሱ ፈትሾታል። ከዚህ በላይ ብልህ ገዢ የለም። በዚያ ላይ አንድ ጥያቄ ቢጨምር ኖሮ፣ «ጋሼ፣ አዮዲኑስ?» ቢል፣ ነጋዴው በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ጥያቄ ለአምራቹ ባስተላለፉት ነበር። አባቶቻችን አሞሌ ሲቀበሉ ጠርዙን ይፈትሹ ነበር፤ ያን ጊዜ የሚጎድለው ገንዘብ ነበርና። ዛሬ ከኩንታሉ 3 ግራም ስትጎድል የሚጎድለው የልጆቻችን አእምሮ ነው። ጠይቀን እንግዛ፤ ፈትሸን እንሽጥ።